የድስት ጠረጋ ተራ

ደሴ ውስጥ ማለዳ ማለዳ በየቤቱ ደጃፍ ድርሻ ይቀመጣል። ድርሻ ማለት የባለቤቱ ስም የተጻፈበት፣ ለእሱ ደም ተለክቶ የተዘጋጀ፣ ክዳን ያለው ትሪ ነው። ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ከዚያ ድርሻውን በቁሙ በልቶ ትሪውን በሩ ላይ መልሶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቁጭ ብሎ የሚበላ ካለ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። እስከ ማታ ድረስ ስለ ምግብ የሚያስብ የለም፤ ለምን ብሎ ያስባል፣ ክንዱ ውስጥ ልጓም አለለት።

ልጓሙ የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ የመብላት አምሮትን የሚገታ ነገር ነው። ልጅ ከፍ ሲል ከክንዱ ቆዳ ስር ይገባለታል፤ ያን ዕለትም ዘመድ ተጠርቶ፣ አዲስ ልብስ ተለብሶ ድግስ ይደረጋል። ድግሱ ላይ ታዲያ የሚበላ ነገር የለም። ሰርጉም ቢሆን ያው ነው፤ እንግዳ ይመጣል፣ ሙሽሮቹን ይስማል፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ለደንቡ ይቀምስና ቀኑ ገና ሳይጋደም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማድቤት ያላቸው አሮጌ ቤቶች ማድቤታቸውን ዕቃ ማጎሪያ አድርገውታል። ሽንኩርት የሚገኘው መድኃኒት ቤት ነው፤ ለጉንፋን።

ሶልያና ይህን ሁሉ ስታይ ክፉ ዘመን ነው አትልም። የስኳር በሽታን ታስታውሳለች፤ እግሩ የተቆረጠ አባት ነበራት። ልጓም ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም፣ ይመስገን። ግን ይናፍቃታል። ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶ «ምሳ በላህ?» ሲባባል ይናፍቃታል። የጾም ፍቺ ዋዜማ ልጆች እንቅልፍ አጥተው ሲገላበጡ ይናፍቃታል። ዛሬ ሁዳዴ ሲገባ ቄሱ ከደጀ ሰላሙ ቆመው «እስቲ ምኑን ነው የምትጾሙት ልጆቼ?» ይላሉ፤ ሕዝቡም አንገቱን ይደፋል። ሙስሊም ጎረቤቶቿም የመግሪብን አዛን የሚጠብቁት ሰዓት ለማወቅ ያህል እንደሆነ ነግረዋታል።

ስሙ ራሱ ተገለባብጧል። ሶልያና፣ ያፌት፣ ኤፍራታ፣ ማክቤል የሚባሉት አሁን ከዘራ ይዘው ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ሕፃናቱ ደግሞ ዘነበወርቅ፣ ተሰማ፣ ጥሩወርቅ ናቸው። ሶልያና ልጅ ሆና እነዚህ የአያቶቿ ስሞች ነበሩ።

ያፌት ታናሽ ወንድሟ ነው። ከእናቷ ልጆች የቀረላት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው ሕክምና ቤት ከተኛ ሰነበተ።

«ጋሽ ያፌት በሽታ የለባቸውም፣» አለቻት ሐኪሟ ሰኞ ዕለት፣ ኮሪደር ላይ። ስሟ ዶክተር ጥሩወርቅ ነው፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ። «ጉሮሯቸው ደህና ነው፣ ሆዳቸው ደህና ነው። ልጓማቸውንም አውጥተንላቸዋል። አምሮታቸው ግን ነጥፏል።»

«ነጥፏል ስትዪ?»

«እንደ ላም ጡት ነው እትዬ። ለብዙ ዘመን ታግቶ ሲኖር፣ አንዳንድ ሰው ላይ ቢለቁትም አይመለስም። አይርባቸውም፣ አያምራቸውም። በዚህ ከቀጠሉ ደግሞ አይቆዩም።»

«ታዲያ እኔ ላጉርሰዋ።»

«ያጉርሷቸው፣ ክፋት የለውም። ግን በጉርሻ አይኖሩም፤ የሕክምና ቤቱ ደንብም በዚያ አይለወጥም። ራሳቸው በገዛ አፋቸው መጠየቅ አለባቸው። አንድ ጊዜ ይበቃል። አንዴ ስጡኝ ካሉ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እኛ እናግዛቸዋለን። እስከ ቅዳሜ ካልጠየቁ ግን ሆዳቸው ላይ ቱቦ ይገባላቸውና ኮምቦልቻ ማረፊያ ይወርዳሉ።»

ሶልያና ማረፊያውን ታውቀዋለች። ጓደኛዋን ኤፍራታን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ አልጋዎቹ ሁሉ ወደ መስኮት ዞረዋል። የተኙት ሰዎች ሲያዩዋት ፈገግ አሉላት፤ ማንም ግን እንድትቀመጥ አልፈለገም፣ እንድትሄድም አልፈለገም። ኤፍራታም ከዚያ አልወጣች። ሶልያና ወደ ወንድሟ ክፍል እርምጃዋን አፋጠነች።

ክፍሉ ስትገባ ያፌት ትራስ ተደግፎ ጦሳን በመስኮት ያያል። ፊቱ ከስቶ አፍንጫው ብቻ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ይህ ሰው ዱባ ይባል ነበር ብትል ማን ያምናል።

«ምን አማረህ ያፌ? የፈለግከውን ንገረኝ፣ ከየትም ፈልጌ አመጣለሁ።»

«ምንም። ደህና ነኝ እኮ ሶሊ።»

«ትንሽ ነገር?»

«የሚጎድለኝ ነገር የለም፣» አላት፤ አባባሉ የእውነቱን ነበር።

ዱባ ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው። ሲያድግ ውፍረቱ ትቶት ነበር፤ እናታቸው ስትሞት ግን ጎረምሳው ያፌት መብላት ጀመረ። ከልቅሶ ቤት የተረፈውን ዳቦ በኮቱ ኪስ እየደበቀ ሽንት ቤት ገብቶ ይበላ ነበር። ይበላል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይበላል። የሰው መነጋገሪያ ሆነ። ሶልያናም ለሰው ባትናገርም በልቧ ሆዳም ነው ትለው ነበር። ልጓም አገር ውስጥ እንደገባ ከተሰለፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ያፌት ነው። «አረፍኩ ሶሊ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲጮህ የኖረ ሰው ዝም አለልኝ፣» ብሏት ነበር። ያን ቀን ለሱ ብላ ደስ ብሏታል።

ማክሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወረደች። እዚያ ትዝታ የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ በትናንሽ ብልቃጥ ተደርድሮ እንደ ሽቶ ይሸጣል። ሰው ሳሎን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

«ለስጦታ ልጠቅልልልዎት ወይስ ለቤት ጌጥ ነው?» አላት ባለሱቁ።

«ለመብላት ነው።»

ባለሱቁ የቀለደች መስሎት ሳቀላት፤ ጠቅልሎም በሪባን አሰረላት።

የዚያን ዕለት ጨጨብሳ ሠራች፤ ረቡዕ ደግሞ፣ ለበሽተኛ ጾም የለም ብላ፣ ዶሮ ወጥ። ማድቤቱን ከዕቃ ነፃ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀባት። እጇ ጨርሶ አልረሳም፤ ሽንኩርቱን ሲከትፍ፣ ቂጣውን ሲቆራርስ አንዳንዴ ከሷ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ሕክምና ቤት ይዛ ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ተሰበሰበ። ነርሶቹ፣ ጽዳቷ፣ የጎን አልጋው በሽተኛ ዘመዶች፣ ሁሉም ያፌትን ከበቡት። ረሃቡ ከአገር ቢጠፋም ልመናው ከሰው አፍ አልጠፋም።

«በሞቴ ጋሽ ያፌት።»

«አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

«አቦ እንዲያው ለኛ ሲሉ።»

ያፌት ጨዋ ሰው ነው። አፉን ከፍቶ ይቀበላል፣ ያላምጣል፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ነው» ይላል። ሰው ዞር ሲልለት ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ሶፍት መልሶ ከትራሱ ስር ያኖረዋል። ሶልያና ሶፍቱን አይታ እንዳላየች ሆነች።

ረቡዕ ከሰዓት ዶክተር ጥሩወርቅ ጠጋ ብላ የሳህኑን ክዳን ገለጥ አደረገች።

«ልጠይቅዎት እትዬ። ሲያበስሉ ቀመሱት?»

«ሳልቀምስ ሰው አበላለሁ እንዴ?»

«እንዴት ነበር?»

ሶልያና ክዳኑን መልሳ ከደነች። «ጨው አለው፣» አለች በመጨረሻ።

ሶልያና የዛሬ ስንት ዘመን እናቷ ከማንኪያ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ስትቀምስ፣ ዓይኗን ጨፍና «እስቲ ትንሽ ይንተክተክ» ስትል ትዝ አላት። እሷ ግን በሁለት ቀን ማብሰል ውስጥ አንድም ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። ለሞተ አምሮት የሞተ ወጥ ስታቀርብ እንደነበር ገባት፤ አዘነች።

«የኔንም አውጪልኝ፣» አለች ክንዷን ገልጣ።

«በእርስዎ ዕድሜ እንዲሁ ማውጣት ጥሩ አይደለም።»

«አንቺ ልጅ፣ ወንድሜ ነው።»

ዶክተሯ ትንሽ አቅማማች፤ ልጓሙን አላወጣችውም፣ ለጊዜው ብቻ እንዳይሠራ አስተኛችላት። «እስከ ቅዳሜ ተኝቶ ይቆያል፤ ከዚያ እንቀሰቅሰዋለን። ሲያምርዎት እንዳይደነግጡ። ከባድ ነው ይባላል፤ እኔ የማውቀው ከትምህርት ነው።»

«አብሽሪ፣ እኔ የማውቀው ከኑሮ ነው፣» አለቻት ሶልያና። ትንሽ ኮራ ብላ ነበር የተናገረችው።

ኩራቷ አልቆየም። ሐሙስ ጠዋት ያፌትን ጠይቃ ስትመለስ፣ ገና የታክሲ ማዞሪያው ሳትደርስ አንድ ነገር ያዛት። ረሃብ አይደለም፤ ድርሻዋን በልታለች። ምራቋ ሞላ፣ እጇ ፈጠነ፣ ልቧ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይነግራትም። ቤት ስትደርስ ከትናንት የተረፈውን ዶሮ በላች። አልሆነም። ጨጨብሳውን ጨረሰች። አልሆነም። መንገድ የሄደ ጎረቤቷ ድርሻ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ግራ ቀኝ አይታ አንስታ እሱንም በላች። ኋላ ማድቤቱ ወለል ላይ፣ ወደ ጥግ በተገፋ አሮጌ ጆንያና በተሰበረ ወንበር መሐል ተቀምጣ፣ ስኳር በመዳፏ እየላሰች ራሷን አገኘችው። ሆዷ ሊፈነዳ ደርሷል፤ አፏ ግን አሁንም ይጠይቃል።

አፈረች። ለብቻዋ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የያፌት ኮት ኪስ ትዝ ሲላት ሳታስበው እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ሆዳም ነው ብላ ነበር። ልጁ እናቱን ፈልጎ ዳቦ ነበር ያገኘ፤ ዳቦው እናቱን ስላልሆነለት ሌላ ዳቦ ጨመረበት፤ በቃ ይኸው ነበር። ይህን ለመረዳት አሮጊት መሆን ነበረባት።

ዓርብ ሕክምና ቤት ሄዳ አንድም ሳታስቀር ለዶክተሯ ነገረቻት፤ የጎረቤቷን ድርሻ ጭምር። ልጅቱ አልሳቀችም።

«ረሃብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣» አለቻት። «የሰጡትን ይቀበላል፣ ሲጠግብ ይሄዳል። አምሮት ግን ድንገት ይመጣል፣ የሚፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ካላገኘ ሌላው ሁሉ ቢቀርብለት አይረካም፤ ሰውም ሲያስስ፣ ሲጨምር፣ ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ ምን በላሁ ብለው አይጠይቁ። ከመምጣቱ በፊት የት ነበሩ? ምን አዩ? ምን ሰሙ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ምንም አላየሁ።»

«ሰሙስ?»

ሶልያና አንገቷን አዘንብላ አስታወሰች። ትናንት ስትወጣ ጽዳቷ በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብላ የትሪ ቂጥ በማንኪያ ትፍቅ ነበር። ብረት በብረት ላይ፣ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። ያን ሰምታ አልፋለች።

«ድስት፣» አለች። ለዶክተሯ ሳይሆን ለራሷ ነበር።

ልጆች ሳሉ ሆጤ ሰፈር የቆርቆሮ አጥር ያለው ቤት ነበራቸው። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ ይሆናል፤ እንግዳ በልቶ ሳይነሳ ልጅ እጁን አይሰድም። ሶልያናና ያፌት በመጋረጃው ቀዳዳ ተራ በተራ አንድ አንድ ዓይን ያስገባሉ። እናታቸው ቦዘና ሽሮዋን እያወጣች እንግዳውን ትለምናለች፣ «በሞቴ፣ ምነው፣ ምንም አልበላህ እኮ» ትላለች። እንግዳው በቃኝ ይላል። እሷ በሞቴ ትላለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ልጆች እንግዳው እንዲጠግብ ይጸልያሉ። ከወረኢሉ የሚመጣ አጎት ነበራቸው፤ ያ ሰው በሞቴን እምቢ ብሎ አያውቅም። እሱ የመጣ ቀን ያፌት ገና ፈረሱን ሲያይ ማልቀስ ይጀምር ነበር።

እንግዳው ሲሄድ ድስቱ ይቀራል። ብረት ድስት ነው፣ አንድ እጀታው የወለቀ። ከስሩ የያዘው ሽሮ፣ ጠቆር ያለው፣ ዳር ዳሩ ላይ ቅቤው የደረቀበት፣ ከወጡ ሁሉ እሱ ይበልጣል። ድስቱን ለመጥረግ ተራ ነበራቸው፤ ዛሬ እሷ፣ ነገ እሱ። ተራው ያልሆነ ፊት ለፊት ቁጢጥ ብሎ ያያል። ያፌት ምራቁን እየዋጠ «ተይልኝ እንጂ ሶሊ» ይላታል። ሶልያና አትተውለትም ነበር። እሱም በነጋታው ተራው ሲደርስ አይተውላትም። በዚያ ቤት ያን ያህል የተጠበቀ፣ ያን ያህል የጣፈጠ ነገር አልነበረም።

ያፌት ያን ጊዜ ብላ ተብሎ ተለምኖ አያውቅም። አሁን ደግሞ አልጋውን ከበው ሳምንቱን ሙሉ ለመኑት።

«ቅዳሜ ቤት ልውሰደው፣» አለቻት ዶክተሯን። «አንቺም በእንግድነት ትመጫለሽ።»

«እኔ ምን ላደርግ?»

«ልትበዪ። እሱ ያያል።»

ዶክተር ጥሩወርቅ ቅዳሜ እስከ ከሰዓት በኋላ መኪናው እንደሚቆይላቸው ነገረቻት። ለኮምቦልቻ የተዘጋጀው መኪና ነው፤ ከሶልያና ቤት ወይ ወደ ሕክምና ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ ቁልቁል ይወርዳል።

ድስቱ አልጠፋም። ሶልያና ለዘመናት ጤና አዳም ተክላበት በረንዳዋ ላይ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ጤና አዳሙን ከነአፈሩ ነቅላ ወደ ባልዲ አዛወረችና ድስቱን አሸዋ ጨምራ አጠበችው፤ አንድ እጀታው ዛሬም የለም። ከመድኃኒት ቤት የገዛችውን ሽንኩርት ከተፈች፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየከፈተች ገለበጠች። ቅቤውን ስትጨምር፣ ሽሮውን በትና ስታማስል፣ ከማንኪያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ቀመሰች። ዓይኗ በራሱ ጊዜ ተጨፈነ።

ሽታው በመስኮት ወጥቶ ጉም ውስጥ ገባ። በየደጃፉ ሰዎች ብቅ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ወጣቶቹ ሥራቸውን ትተው ወደ ሶልያና ቤት ዞረው ቆሙ። አልራባቸውም፣ አላማራቸውም፣ ክንዳቸው ውስጥ ያለው ሥራውን ይሠራል። አንዱ ሌላውን «ምን ሆነሃል?» ሲለው «እኔ እንጃ» ይላል፤ ግን ቶሎ ወደ ቤቱ የገባ አልነበረም።

ዶክተር ጥሩወርቅና ሾፌሩ ያፌትን ደግፈው አስገቡት። ሶልያና ትራስ ያለበት ወንበር ሳሎኑን ከማድቤቱ ከሚለየው መጋረጃ ሥር አዘጋጅታለት ነበር።

«አንተ እዚያ ቁጭ በል። እንግዳ አለብኝ፣» አለችው።

«እሺ፣» አለ ያፌት። ምንም አልመሰለውም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ዶክተር ጥሩወርቅ ገበታው ላይ ቀረበች። በሕይወቷ ቁጭ ብላ በልታ ስለማታውቅ እግሯን የምታደርግበት ጠፋት። ሶልያና እንጀራውን ዘረጋች፣ ሽሮውን ከነድስቱ አምጥታ መሐል ላይ አወጣች፣ ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ እናቷ ቆመች።

«ብዪ እንጂ የኔ እመቤት።»

«እየበላሁ ነው እትዬ።»

«ምኑን በላሽ፣ በሞቴ።»

ልጅቱ ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች። የእጅ አንጓዋ ላይ የታሰረው የልጓሟ መቆጣጠሪያ በቃዎት እያለ ይነዝራታል፤ እጅጌዋን ስባ ሸፈነችው። ሶልያና እየለመነች በጎን ወንድሟን ታያለች። ያፌት ጦሳን ያያል። ሶልያና ጉርሻ ጠቅልላ ለእንግዳዋ ስታጎርስ ሆን ብላ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ያፌት አልዞረም። አንድ ጊዜ ብቻ አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እውነቴን ነው፣ በቃኝ፣» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ወደ ሽማግሌው አየት አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የመኪናው ሰዓት ደርሷል እትዬ፣» አለቻት።

ሶልያና መስኮቱ ጋ ሄዳ መኪናውን አየችው፤ ነጭ ነው፣ በሩ ተከፍቷል። ያሰበችው ሁሉ የሞኝ ሐሳብ መሰላት። አንድ ሽማግሌ መጋረጃ ሥር ስለተቀመጠ ልጅ ይሆናል ብላ ነው? የያፌትን ጃኬት ከተሰቀለበት አውርዳ ወንበሩ ላይ አኖረችለት። አልቃሻ መሆን አልፈለገችም። እጇ ሥራ እንዲይዝ ብላ ድስቱን አንስታ ወደ ማድቤቱ ሄደች፤ ልታጥበው ነበር።

ውሃውን ከመክፈቷ በፊት ወደ ውስጥ አየች።

ከስሩ ይዞ ነበር። ጠቆር ያለ፣ ዳር ዳሩ ላይ ቅቤው የደረቀ፣ መሐሉ ላይ የሽሮው ቆዳ የተጨማደደበት። ሶልያና የትናንት በስቲያው ነገር ሲመጣ ተሰማት፤ ምራቋ ሞላ፣ እጇ ፈጠነ። አሁን ግን ስሙን ታውቀዋለች። ቁጢጥ አለች፣ ወለሉ ላይ፣ ድስቱን በጉልበቶቿ መሐል አድርጋ። ከገበታው የተረፈ ቁራሽ እንጀራ በእጇ ነበር። ጠረገች። ጎረሰች። እንጀራው ሲያልቅ ማንኪያ አነሳች፤ ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። መኪናውን ረሳችው። እንግዳዋን ረሳቻት። እውነት ይነገር ከተባለ ወንድሟንም ረሳችው፤ ያሰበችው ሁሉ ከራሷ ወጣ፤ ድስቱና እሷ ብቻ ቀሩ። የሆጤ ቤታቸው ሽታ፣ የእናቷ የቀሚስ ጫፍ፣ የቆርቆሮ አጥሩ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ከማንኪያው ጋር መጡ። ሐሙስ ያን ሁሉ በልታ ያላገኘችውን በማንኪያ ጫፍ አገኘችው፤ ደስ አላት፣ ባዶ የነበረውም ሆዷ እንዳልነበረ ታወቃት።

ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ።

ሶልያና አልሰማችም። በድስቱ ዳር ጠንከር ብሎ የያዘውን በጥፍሯ ታነሳ ነበር።

«ሶሊ።»

«እ?»

«ተይልኝ እንጂ።»

ድምፁ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ቅሬታው ግን ያው የድሮው። ሶልያና ማንኪያዋን አየር ላይ ይዛ ቀረች። ዞራ ብታየው የሚጠፋ መሰላት። አፏ ውስጥ «እንካ፣ በሞቴ» የሚለው ቃል ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ዛሬ ተራው የኔ ነው፣» አለች ሳትዞር።

«ትናንትም ያንቺ ነበር።»

«ማን አለ?»

«እማ ትመስክር፣» አለ ያፌት።

መጋረጃውን ይዞ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሶልያና አልደገፈችውም፤ ሁለት እጆቿ ድስቱ ላይ ነበሩ። ከጎኗ ቁጢጥ ለማለት ሞክሮ አቃተውና ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ቁና ቁና ይተነፍሳል። እጁን ሰደደ። አጥንት ብቻ የቀረው እጅ ነው፤ ግን ልክ እንደ ድሮው መጀመሪያ ወደ ዳሩ፣ ቅቤው ወዳለበት ሄደ።

«እሱን ተወው፣ የኔ ነው።»

«ሆዳም፣» አላት ያፌት፤ ከጣቱ ላይ ላሰ። ዋጠ። ጉሮሮው ሲወርድ ሶልያና አየች። ሌላ ፈለገ፤ አገኘ፤ ዋጠ። አንድም ሶፍት አላስፈለገውም።

ዶክተር ጥሩወርቅ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች ወለል ላይ ተቀምጠው በአንድ የተቃጠለ ድስት ሲገፋፉ ታያለች። ልጅቱ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም፣ ወደፊትም አታይ ይሆናል። «ጠየቁ እኮ እትዬ፣» አለች ቀስ ብላ። «ሰማኋቸው።» ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ሾፌሩን ስታነጋግር ተሰማ፤ የመኪናውም በር ተዘጋ።

ሶልያና አሁን አለቀሰች፤ አልደበቀችውም። ያፌት ግን ቀና አላለም፤ ሥራ ላይ ነው። ጣቱን በድስቱ ስር ዙሪያውን አዞረ፣ የቀረ ነገር እንደሌለ አረጋገጠና በቅሬታ አያት።

«ምንም አላስተረፍሽልኝ።»

«ተራህ አልነበረማ።»

ምራቁን ዋጠ። ባዶውን ድስት አየ፣ እሷን አየ።

«ነገስ?» አላት።

«ነገ ምን?»

«ነገ ተራው የኔ ነው።»

ሶልያና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አንድ እጀታ የቀረውን ድስት ወደ ራሷ ሳበችው።

«ነገ እናያለን፣» አለችው።